ሮዳጅ ላይ

መኪናዋ ከጅቡቲ መጥታ ግቢያችን የገባች ቀን አባቴ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ኮፈኗን ከፍቶ ሞተር መፈለግ ነበር። አጎነበሰ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ካንዴላ የለም፣ ፊልትሮ የለም፣ የዘይት መለኪያ የለም። ያለው አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ክዳንና ብርቱካናማ ሽቦ ብቻ ነው። ቀና ብሎ እንደተታለለች ልጅ አየኝ።

«ሞተሩን ጅቡቲ አስቀርተውታል» አለ።

«አባዬ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ናት እኮ። በባትሪ ነው የምትሄደው።»

«ሞተር አላት የላትም?»

«አላት፤ ግን እንደምታውቀው ዓይነት...»

«ካላት ሮዳጅ አላት። በቃ።»

ይህ ቃል በኛ ቤት ቀልድ አያውቅም። ሮዳጅ ማለት አዲስ ሞተር ሳይጨነቅ፣ ሳይጫንበት፣ ብረቱ እርስ በርሱ እስኪላመድ በዝግታ የሚነዳበት ጊዜ ነው። አባቴ የናፍጣ ባቡር ሲነዳና ሲጠግን ያረጀ ሰው ነው፤ ቃሉንም ከሌሎች የፈረንሳይ ቃላት ጋር ከባቡሩ ወርክሾፕ ነው ይዞት የመጣው። የኤሌክትሪክ ሞተር ውስጥ የሚላመድ ነገር እንደሌለ ላስረዳው ሞከርኩ። እጁን አወናጨፈብኝ። አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ መሄድ ከጀመረ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ የሚነገረውን ሁሉ እንደ ወሬ ነው የሚሰማው።

እኔ ትራንዚት ቢሮ ነው የምሠራው። የሰው ዕቃ ከወደብ ተቀብዬ ወደ አዲስ አበባ ስሸኝ ነው ዕድሜዬ የሄደው። ፍሪጁም፣ ጎማውም፣ የሙሽራ ሶፋውም በእጄ አልፎ ይሄዳል፤ እኔ እዚሁ ነኝ። እናቴ ከሞተች በኋላ ወንድሞቼ በየአቅጣጫው ተበተኑ፣ ከዚራ ያለው ቤት ውስጥ እኔና አባቴ ቀረን። በዚያ ዓመት ነው አዲስ አበባ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ቦታ የሰጠኝ። ክረምቱ ሳይወጣ ገብተሽ ሥራ ጀምሪ ተባልኩ። መኪናዋንም የገዛሁት በእሷ ልወጣ ነው። ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ቆማ እንኳን የምትሮጥ የምትመስል መኪና ነበረች። እንደ እኔ ያለ፣ ቁጭ ብሎ የኖረ ሰው የሚመርጣት ዓይነት።

አባቴ ስለ ሥራው ሲሰማ አትሂጂ አላለኝም። ቢለኝ በወደድኩ፤ መጣላት እችልበታለሁ። እሱ ያለው «ሮዳጅ ያልጨረሰ ሞተር ደንገጎን አይወጣም» ነው። ድሬ ዳዋ ከተራራው ግርጌ ሜዳ ላይ ነው የተኛችው፤ እኛ ቤት አዲስ አበባ መሄድ ማለት ደግሞ ያንን ጠመዝማዛ የደንገጎን ዳገት መውጣት ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረና በሩን ዘጋው።

ለመኪናዋ ያሰብኩላት ነገር ብዙ ነበር። ጥቁር ቸርኬ፣ ከኋላ ክንፍ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሮጥ ነጭ መስመር። የሆነላት ሌላ ነው። የወንበሮቹ ላስቲክ አይነሳም ተባለ፤ ላቡ ጨርቁን ያበላሸዋል። ድምፅ ስለሌላት ግርግር በማያጣው መጋላ ሰፈር ውስጥ ሰውም አህያም ትገጫለች ተብሎ የጭነት መኪና ክላክስ ተገጠመላት። ማርሹ አጠገብ «ስፖርት» የሚል ቁልፍ ነበር። ምን እንደሚሠራ ጠየቀኝ። ፍጥነት እንደሚጨምር ነገርኩት። ቤት ገብቶ የቁስል ፕላስተር ይዞ ተመለሰና ቁልፏን ለጥፎ ሸፈናት። ከዚያ በካርቶን ላይ በራሱ እጅ ጽሑፍ «ሮዳጅ ላይ» ብሎ ጽፎ የኋላ መስታወቷ ላይ አቆመው። 

በሁለተኛው ሳምንት ገደማ አንድ ጉብታ ላይ ሆዷ ሲፈገፈግ አብረን ሰማን። በማግስቱ ሳቢያን ሰፈር ወዳለ የባጃጅና የኤሌክትሪክ መኪና መካኒክ ወሰድናት። ሰውየው ሶማሊኛ ተናጋሪ ነው፤ አፉ ፈጣን፣ ሳቁ ቅርብ። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት።

«ትነሳ» አለ አባቴ። «ሞላው ላይ ጨምርበትና ከፍ አድርጋት።»

«አቦ! አባቴ፣ ይቺ እኮ የስፖርት መኪና ናት። ዝቅ ማለቷ ነው ውበቷ፣ ወላሂ።»

«ሆዷ ሲቀደድ ውበቷን አብረን እናያለን። አንሳት።»

መካኒኩ ወደ እኔ ዞረ። «እህቴ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ? የማን ናት መኪናዋ?»

የማን እንደሆነች ለመናገር አፌን ስከፍት የአባቴን ፊት አየሁ። «እሱ እንዳለው አድርግ» አልኩ። ስንወጣ መኪናዬ የደቻቱን ወንዝ ልትሻገር ቀሚሷን እንደሰበሰበች ሴት ሆና ነበር። የባጃጅ ሾፌሮች ጥግ ይዘው ሳቁ። አንዱማ «እህቴ፣ ላንድክሩዘር ናት ወይስ ምንድን ናት?» ብሎ ጮኸብኝ። ክላክሱን ለቀቅኩበት፤ ዘሎ ዳር ያዘ። በዚያ ሳምንት ደስ ያለኝ ያ ብቻ ነው።

በየቀኑ ፀሐይ በረድ ስትል እንወጣለን። ሌላው ሰው ጫቱን ይዞ በርጫ በተቀመጠበት ሰዓት የኛ በርጫ መኪናዋ ነበረች። ከከዚራ ዛፎች ሥር ወጥተን በለገሃሬ፣ ደቻቱን ተሻግረን በመጋላ፣ ከዚያ ሳቢያን፣ ከዚያ መልካ ጀብዱ። እዚያ ስንደርስ «ዙሪ» ይለኛል፤ እዞራለሁ። ከስልሳ በላይ ካለፍኩ ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ላስቲኩ ጀርባዬ ላይ ይጣበቃል። ከወደብ የመጡት ትልልቅ መኪኖች ኮንቴይነር ተሸክመው እያለፉን ይሄዳሉ። ቢሮ ፈርሜ የሸኘኋቸው ይሆናሉ። እነሱ ማታ ዳገት ላይ ናቸው፣ እኔ ማታ ከዚራ ነኝ። አንዳንድ ቀን ደረቴ ውስጥ አየር የሚያልቅብኝ ይመስለኛል፤ መስኮቱን ብከፍት ደግሞ የሚገባው ሙቀት ነው።

የሚያናድደኝ ማዳመጡ ነበር። በየመንገዱ መሃል እጁን ያነሳል።

«ዝም በይ። ይሰማሻል?»

«ምንም አይሰማኝም፣ አባዬ። ድምፅ የላትም እኮ።»

«እኮ! እሱ ነው የሚያሳስበኝ። ምንም የማይናገር ሞተር መቼ እንደተላመደ በምን ታውቂዋለሽ?»

መቼ ያልቃል ስለው «እነግርሻለሁ» ይላል። አዲስ አበባ እየደወሉ መቼ ትመጫለሽ ይሉኛል፤ እኔም በቅርቡ እላለሁ። መኪናዬ ሮዳጅ አልጨረሰችም ብዬ እንዴት እነግራቸዋለሁ? ክረምቱ እየገፋ ነበር። ድሬ ላይ ክረምት ማለት ደጋ የዘነበው ጎርፍ ደቻቱን ሞልቶ ሲወርድ ማየት ነው፤ ዝናቡ ሌላ ቦታ ነው፣ ውሃው ነው የሚደርሰን። ጎርፍ ባለበት ቀን ድልድዩ ላይ መኪና አቁመን ውሃውን እናይ ነበር። አባቴ ውሃው እንዴት ወርዶ እንደሚያልፍ ያያል፤ እኔ የመጣበትን ተራራ አያለሁ።

አንድ ቀን ክላክሱ አልጮህ ብሎኝ ብቻዬን ሳቢያን ሄድኩ። መካኒኩ ሽቦውን እየነካካ ሳለ «አባትሽ ደህና ነው? ያኔ መጥቶ ከሄደ ወዲህ አላየሁትም» አለኝ።

«አብረን አይደል እንዴ የመጣነው?»

«ኧረ ብቻውን፤ በባጃጅ። መኪናዋን ባነሳናት ሳምንት። ሞተሯ ውስጡ ምን እንደሚመስል አሳየኝ አለኝ። አንድ የተበላሸ ነበረኝ፣ ፈትቼ አሳየሁት። ‹ብረቱ ከብረት የት ላይ ነው የሚነካካው?› አለኝ። ‹አይነካካም› አልኩት። ‹ሮዳጅ የለውም ማለት ነው?› አለኝ። ‹የለውም አባቴ› አልኩት። ሻይ አዘዝኩለት። ጠጥቶ ሄደ።»

መሪውን እንዴት እንደያዝኩት አላውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ ያውቃል ማለት ነው። ካርቶኑን ያውቃል፣ ፕላስተሩን ያውቃል፣ መልካ ጀብዱ ላይ «ዙሪ» ሲለኝ ያውቃል። መንገድ ላይ የምለውን ሁሉ ጮክ ብዬ ተለማመድኩት። እስረኛህ አይደለሁም ልለው ነው። እናቴ ብትኖር ይህን አታደርግም ልለው ነው፤ ይህ እንደሚጎዳው አውቃለሁ፤ ስለሚጎዳው ነው የመረጥኩት።

ግቢው በር ላይ ስደርስ አባቴ ቆሟል። መኪናዋ ድምፅ የላት፣ ክላክስ አልነካሁ፤ ስለዚህ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር። ሸሚዙን ተኩሷል፣ ጫማውን ቀብቷል። የሽርሽራችን ሰዓት ገና ነው። እኔ ሳልወርድ እሱ በወዲያኛው በር ገብቶ ላስቲኩ ላይ ተቀመጠና ቀበቶውን ይጎትት ጀመር። ማሰሪያውን ሳተው። ደገመ፣ ሳተው። የተለማመድኩትን ሁሉ ተውኩት። ቀበቶውን አሰርኩለት።

«ዛሬ ቀስ እያልሽ ንጂ» አለ። «ትናንት ትንሽ ቸኩለሻል።»

በሚቀጥለው ሳምንት ከአዲስ አበባ ደወሉ። ሴትየዋ ጨዋ ነበረች። ብዙ እንደጠበቁኝ፣ ከዚያ በላይ መጠበቅ እንዳልቻሉ፣ ቦታው ላይ ሌላ ሰው መግባቱን ነገረችኝ። እሺ፣ አመሰግናለሁ አልኳት። የቢሮው መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ፊቴን ታጥቤ የሰው ዕቃ መሸኘቴን ቀጠልኩ። ከሰዓት በኋላ አባቴን ይዤ መልካ ጀብዱ ሄድኩ፣ ዞርኩ፣ ተመለስኩ። አልነገርኩትም። ብነግረው በጸጸት ከተቀመጠባት ወንበር ላይ የሚነሳ አልመሰለኝም።

በዚያው እሑድ ጠዋት ስወጣ የኋላ መስታወቱ ላይ ያለው ካርቶን የለም። አባቴ ቀድሞኝ ገብቶ፣ ቀበቶውን ራሱ አስሮ ተቀምጧል።

«ዛሬ ደንገጎ» አለ።

በሐርላ በኩል ወጣን። እግሩ ፍሬን አልረገጠም፤ ዝም በይም አላለኝም። መኪናዋ ጠመዝማዛውን ያለ ምንም ጭንቀት ወጣችው፤ ሳቢያን መንገድ ላይ ከምትሄደው የተለየ ነገር አልነበራትም። አናቱ ላይ ስንደርስ አየሩ ቀዝቃዛ ነበር። ዳር አስይዢ አለኝ፣ አስያዝኩ። ታች ድሬ በሙቀት ጭጋግ ውስጥ ተዘርግታለች፤ ዛፉና ቆርቆሮው እንጂ ቤታችን አይለይም።

አባቴ ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ፕላስተሩን ላጠው። ሙጫው ቁልፏ ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ።

«ሮዳጁ አለቀ» አለ። «ሻንጣሽ ኋላ ነው። ልብሱን እኔ ነኝ ያጣጠፍኩት፣ ካልሆነልሽ እዚያ ታስተካክይዋለሽ። ጭሮ ላይ ቻርጅ አድርጊያት፤ ሆቴሎቹ ጋ እንዳለ መካኒኩ ነግሮኛል። ከዚያ አዋሽ። እኔ በሚኒባስ እወርዳለሁ።»

ሁሉንም አጥንቶታል። ቻርጅ የሚለውን ቃል ከአፉ የሰማሁት ያኔ ነው። ወደ ፊት ነው የሚያየው፤ ፕላስተሩ ጣቱ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል።

ቦታው ተይዟል ብዬ ብነግረው ምን እንደሚሆን አወቅሁ። እያንዳንዱን ከሰዓት፣ እያንዳንዱን ዙር፣ ቤት ገብቶ ከእኔ የወሰደው አድርጎ ያስበዋል። ከዚያ በኋላ አብሮኝ መኪና ውስጥ አይገባም። ዳገቱ አናት ላይ፣ መንገዱ ፊቴ ተከፍቶ፣ የምሄድበት ጠፋኝ። እንደዚያ ቀን ታስሬ አላውቅም።

«አላለቀም፣ አባዬ» አልኩ።

«ምኑ?»

«ሮዳጁ። ስንወጣ ድምፅ ነበራት። ከፊት በኩል፣ ትንሽ። አልሰማኸውም?»

ዞሮ አየኝ። ብዙ አየኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም፤ እንባዬ ግን ቀደመኝ። የማውቀው ነገር እንዳለ ያወቀ ይመስለኛል፤ ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ጣቱ ላይ ያለውን ፕላስተር አየ።

«ሰምቼዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም ሰምቼዋለሁ።»

ፕላስተሩን ከጣቱ ላይ ወስጄ ቁልፏ ላይ መልሼ ለጠፍኩት። ሙጫው ደርቋል፣ በአውራ ጣቴ ይዤ ቆየሁ። ከዚያ መኪናዋን ወደ ቁልቁለቱ አዞርኳት።

«በዝግታ» አለኝ።

በዝግታ ወረድኩ።