ያልተዋጠው ወይን

በደርግ ጊዜ ነጌሌ ቦረና አስተማሪ ነበርኩ። ያኔ ከተማችን ጠጅ በብርሌ እንጂ ወይን በባለ እግር ብርጭቆ ጠጥታ አታውቅም። ታዲያ ከከተማው ዳር ወይን የተከለው የመንግሥት እርሻ፣ መጥመቂያውን ሊያስመርቅ ጠራን።

ጠረጴዛው ሁሉ ነጭ ጨርቅ ለብሷል። አጠገቤ የተቀመጡት ጠጅ ጣያችን አዴ ሎኮ ናቸው። “ከእንግዲህ የእሳቸውን ጠጅ ማን ይጠጣል?” ተብሎ ስለተወራ ፊታቸው ጠቁሯል። አዴ ሎኮ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ሳይቀምሱ ለሰው ቀድተው አያውቁም።

ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ቀዳ፣ አሸተተ፣ ተጎነጨ፣ አፉ ውስጥ አገላበጠና ባልዲ ውስጥ እንትፍ አለው።

“በሉ ጠጡ!” አለን ፈገግ ብሎ።

ሁሉም ብርጭቆውን ከፊቱ ገፋ አደረገ። እኔም ያነሳሁትን ብርጭቆ ቀስ ብዬ መለስኩት።

“የወይን አቀማመስ እንዲህ ነው፤ ሙያ ነው!” ቢል ማን ይስማው።

“ልጄ፣” አሉት አዴ ሎኮ፣ “አንተ ቀድተህ የተፋኸውን እኛ እንዴት ብለን እንዋጥ?”

አንድ በአንድ ወጣን።

ሰውየው አንጀቴን በላው። በማግስቱ ላጽናናው ማረፊያው ብሄድ የለም። ስመለስ አዴ ሎኮ ቤት ጎራ አልኩ።

“አካም፣ ናጋ?” ብለው ተቀበሉኝና ወደ ጥግ በአገጫቸው አመለከቱኝ። ባለሙያው ሦስት ባዶ ብርሌ ፊቱ ደርድሮ አራተኛውን ይዟል።

አዴ ሎኮ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

“ባልዲም አቅርቤለት ነበር፤ አልነካውም።”