ከእራት በፊት የሚነገር ግስ

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ክፍሉ የእህል መጋዘን ነበር፤ ገብሱ ከወጣ ቆይቷል፣ አይጡ ግን አልወጣም። የጸጥታ ሰዎች ከላሊበላ ይዘው ሲያመጡኝ ጥፋቴን ጠይቄ ነበር። "ከፈረንጅ ጋር በስልክ ምን ታወራለህ?" አሉኝ። አስጎብኚ ነኝ፤ ከፈረንጅ ጋር ከማውራት ሌላ ሥራ የለኝም። ይህንኑ ብናገር ያላገጥኩባቸው መሰላቸው።

ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንደኛው የደላንታ ገበሬ ነው። ሌላው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የተኙ ሽማግሌ ናቸው፤ በሙጃ በኩል ቅኔ የሚያስተምሩ የኔታ። ተማሪዎችህ የት ገቡ ተብለው ነው የታሰሩት። የት እንደገቡ እሳቸውም አያውቁም። ራስጌያቸው ዳቦ ደርቆ ተቀምጧል።

"እህል ባፋቸው አልዞረም" አለኝ ገበሬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሊሞቱብን ነው እኮ፣ ወንድሜ።"

ፈራሁ። ጠጋ ብዬ፣ "የኔታ፣ እባክዎ ትንሽ ይቅመሱ" አልኳቸው።

"ግስ ሳልነግር እራት በልቼ አላውቅም፣ ልጄ" አሉ ሳይዞሩ። "እዚህ ለማን ልንገር?"

በጉባኤ ቤታቸው ከእራት በፊት እሳቸው የግዕዙን ግስ ከነፍቺው ይናገራሉ፣ ተማሪው እየተቀበለ ይደግማል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያደረጉት ይህንን ነው። እኔ እንግሊዝኛ እንጂ ግዕዝ እንደማልችል ነገርኳቸው።

"የፈረንጅስ አፍ ግስ አለው? እስኪ አንድ ንገረኝ።"

አፌ ላይ የመጣልኝ "ኪፕ" ነው። ጠበቀ ማለት ነው አልኩ። አስቀመጠም ይሆናል፣ አስቀረም ይሆናል። ዶሮ ማርባትም በእሱ ይነገራል፤ ቃልን ማክበር፣ ምስጢር መያዝ፣ ሳያቋርጡ መቀጠልም እንደዚሁ። እያወራሁ ሳለ የኔታ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"ዘሩስ ከየት ነው?"

አንዴ ወደ አሸተን ማርያም ገዳም የወሰድኳት የቋንቋ መምህርት ነግራኛለች። ጥንት መያዝ፣ ደግሞም አጥብቆ መፈለግ ነበር አሉ ትርጉሙ። በጎረቤት ቋንቋዎች ግን ዘመድ አልተገኘለትም፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም።

"ዘመድ የለውም? ምስኪን!" ተነስተው ተቀመጡ። "በእኛ ዐቀበ ነው። እሱስ ዘመደ ብዙ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ እንኳ ከእሱ ነው የሚወለድ።"

"ታዲያ እሱ ሰውዬ እኛን መቼ ነው የሚያየን?" አለ ገበሬው። እስከዚያች ቀን ዐቃቤ ሕግም ዳኛም አላየንም፣ ከዚያም በኋላ አላየንም።

"ዐቀበ ብሂል፣ ጠበቀ" አሉ የኔታ። እኛም ተቀበልን። ከዚያ ዳቦውን በውሃ አርሰው በሉ። ገበሬው ፊቱን አዙሮ አለቀሰ።

ከዚያ ወዲያ ዳቦው ሲደርስ እሳቸው አንድ ግስ ይነግራሉ፣ እኔም አንድ እጨምራለሁ። አንድ ቀን ዳቦው ሳይመጣ ጠባቂው በሩን ከፍቶ፣ "ሽማግሌው፣ ውጣ" አለ።

"የዛሬውን ግስ ልንገራቸውና።"

"ስትመለስ ትነግራለህ።"

የኔታ ነጠላቸውን አጣፉ። ከበሩ ላይ ዞር ብለው፣ "ሳትነግሩ እንዳትበሉ" አሉን።

ዳቦው መጣ፤ የእሳቸውም አብሮ መጣ። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ብድግ ብሎ ቆመና ግሱን ከዐቀበ ጀመረ። ጠባቂው "ዝም በል!" ብሎ በሩን በሰደፍ መታው። ገበሬው ድምፁን ሳይቀንስ እስከ መጨረሻው ተናገረ፣ እኔም ተቀበልኩት። ከዚያ ቁጭ ብለን በላን። የየኔታን ዳቦ ሸፍነን አቆየነው። አልተመለሱም።

እኔን ያለ ምክንያት እንዳሰሩኝ ያለ ምክንያት ፈቱኝ። ላሊበላ እንግዳ ጠፍቷል፤ ሥራ የለኝም። ሙጃ ድረስ ሄጄ ጉባኤ ቤቱን አይቻለሁ፤ የተማሪዎቹ ጎጆዎች ክዳናቸው ረግፏል፣ ሰው የለም። ተስፋ ቆርጫለሁ ብል ውሸት አይሆንም። በቀደም ደግሞ ያሰሩን ሰዎች ቢሮ ገብቼ ስለ የኔታ ጠየቅኩ። ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ "እንዲህ ያለ ሰው እዚህ አልነበረም" አለኝ።

"ነበሩ" አልኩት።

"አልነበረም አልኩህ።"

"ነበሩ።"

እስኪያስወጡኝ ድረስ ይህንኑ ስል ቆየሁ። ሌላ የማደርግላቸው ነገር አልነበረኝም።