የንብ መድኃኒት

ደብዳቤው ከጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ከጎሬ፣ መቱ ሲደርስ የፖሊስ ጣቢያው አስተርጓሚ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ አራት ነበር። አባቴ ጣልያን ከወጣ በኋላ ከመንዝ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ቢሆንም፣ እኔ ልጅነቴን ያሳለፍኩት በአቅራቢያው ባለችው ሁሩሙ ስለሆነ ኦሮምኛ ከአማርኛ እኩል፣ ምናልባትም ቀድሞ፣ አፌን የፈታሁበት ነው። ሥራዬ ብዙ አልነበረም። የገጠር ሰው ተይዞ ሲመጣ በእርሱና በመርማሪው መካከል እቀመጥና የአንዱን ቃል ለሌላው አደርሳለሁ፤ ሲያበቃ ከጽሑፉ ሥር «በትክክል አስተርጉሜያለሁ» ብዬ እፈርማለሁ።

ደብዳቤው ሀሺሽ የሚባል የሚያደነዝዝ ዕፅ በየገጠሩ እየተተከለ ስለሆነ ተነቅሎ ይጥፋ፣ የተከለም ይያዝ ይላል። መቱ ውስጥ ሀሺሽ አይቶ የሚያውቅ ሰው ነበር ለማለት ይቸግረኛል። ደብዳቤውን ይዞ የመጣው መቶ አለቃ አንድ የደረቀ ቅጠል በፖስታ ውስጥ አምጥቶ ለፖሊሶቹ አሳያቸው። ቅጠሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ተፈርፍሮ አለቀ። ከዚያ ወዲያ የደረቀ ቅጠል ያንጠለጠለ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ።

የጠቋሚ ስም እንደማይወጣ በገበያ ቀን ተለፈፈ። ድንበር የተገፋ፣ ውርስ የቀረበት፣ በዳኛ የተረታ ሁሉ በጣቢያው የጓሮ በር መመላለስ ጀመረ። የከተማው ሰው ጨዋታም ያኔ ተለወጠ። ጠጅ ቤት ስገባ ወሬው ስለ ዝናብ ይሆናል። እናቴ እንኳ ከጎረቤታችን ጋር ስታወራ ቆይታ እኔ ስደርስ ዝም ትላለች። አንድ ቀን ምክንያቱን ብጠይቃት፣ ለፖሊስ ስም የሚያቀብለው የአንቺ ልጅ ነው እንደሚሏት ነገረችኝ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልኳት።

ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ቀና ሳትል መላጧን ቀጠለች።

አንድ ሽማግሌ ተይዘው የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ቀፎ እየሠሩ ዛፍ ላይ የሚሰቅሉ፣ ማር ቆርጠው የሚያድሩ የዳሪሙ ሰው ናቸው። ከምድጃቸው በላይ አንድ እስር ደረቅ ቅጠል ተሰቅሎ ስለተገኘ እጃቸውን ታስረው በእግራቸው መቱ ድረስ ተነዱ። ደብዳቤውን ያመጣው መቶ አለቃ ለምርመራው እዚያው ቀርቶ ነበርና ቅጠሉ ምን እንደሆነ በእኔ አስጠየቃቸው።

«ቆሪቻ ከኒሳቲ» አሉ።

የንብ መድኃኒት ነው ማለታቸው ነው። አዲስ ቀፎ ሲሠሩ ውስጡን በቅጠሉ ያጥኑታል፤ ንቡ ሽታውን ተከትሎ ይገባል። ይህንኑ ለመቶ አለቃው ነገርኩት።

«ቆሪቻ ማለት ዕፅ ማለት አይደለም እንዴ?» አለኝ።

«መድኃኒት ማለት ነው ጌታዬ።»

«የሚያጨሱትም መድኃኒት ነው ይሉታል» አለና ወደ ጸሐፊው ዞረ። ጸሐፊው ጻፈ። ምን እንደጻፈ ከተቀመጥኩበት አይታየኝም ነበር።

በማግስቱ ከጣቢያው ጀርባ ወዳለው ክፍል ተጠራሁ። የሽማግሌው እጅና እግር አንድ ላይ ታስሮ፣ በጉልበታቸው ሥር አጣና ገብቶ፣ በሁለት ጠረጴዛ መካከል ተንጠልጥለዋል። አንድ ፖሊስ ውስጥ እግራቸውን በአለንጋ ይገርፋል። የእኔ ድርሻ ገራፊው ትንፋሽ ሲሰበስብ መጠየቅ ነበር።

«አባ፣ ለማን ነው የሚሸጡት?» አልኳቸው። እዚያ ቦታ ላይ ሆኜ አንቱ ማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ለንብ ነው አሉ። ደግሜ ጠየቅሁ፤ ያንኑ መለሱ። በመጨረሻ ዓይናቸውን ከገራፊው ላይ አንሥተው እኔን ብቻ ያዩ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን መቶ አለቃው አንድ ወረቀት እንድፈርም አቀረበልኝ። ሀሺሽ ተክዬ ወደ ጋምቤላ ለሚወርዱ ነጋዴዎች እሸጥ ነበር ይላል። የሽማግሌው የአውራ ጣት አሻራ አርፎበታል። ይህን ቃል እኔ አላስተረጎምኩም አልኩ። አንተ በሌለህበት ነው የሰጡት፣ ያስተረጎመው የጣቢያው አሥር አለቃ ነው አለኝ። አሥር አለቃው ከኦሮምኛ «ና» እና «ውሃ» ከማለት በቀር እንደማያውቅ ጣቢያው ሁሉ ያውቃል።

መቶ አለቃው ብዕሩን አቀበለኝ። «የእናትህ ጓሮም ቢፈተሽ ቅጠል አይታጣበትም» አለ፤ ቁጣ አልነበረበትም።

ፈረምኩ።

በዚያው ሳምንት የሽማግሌው ልጅ ቤቴ መጣች። ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ሴት ናት። ግቢ ብላት እምቢ ብላ ደጃፍ ቆመች። የአገራቸው ቆሮ፣ ባላባቱ ማለት ነው፣ ከቤታቸው በታች ያለውን የቡና ጫካ ከተመኘ መቆየቱን፣ አባቷ በተያዙ ማግስት ሰዎቹ ገብተው መመንጠር መጀመራቸውን ነገረችኝ። ከዚያ፣ «ኦቦ፣ አባቴ በገዛ አፋቸው ምን አሉ?» አለችኝ።

የንብ መድኃኒት ነው እንዳሉ ነገርኳት።

«ይህንን እርስዎ ዳኛው ፊት ይሉታል?»

ማን ላካት እያልኩ ነበር የማስበው። መቶ አለቃው ሊፈትነኝ ልኳት ቢሆንስ? ያባቷን እግር ያየሁ ሰው እርሷን ጠርጥሬ በሬን ዘጋሁባት።

የአውራጃው ፍርድ ቤት ሽማግሌውን ያስቀረበው ከአንድ ወር በኋላ ነው። በሁለት ሰው ተደግፈው ገቡ። ዳኛው የእምነት ቃሉን አስነበበና ቃላቸው መሆን አለመሆኑን እንድጠይቃቸው አዘዘኝ። ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው ቀስ ብለው፣ እኔ ያልኩት የንብ መድኃኒት ነው፣ ይህ ልጅ ያውቃል አሉ። ችሎቱ ውስጥ ኦሮምኛ የሚሰማው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መቶ አለቃው ፊት ለፊት ተቀምጧል። ልጅቷ ኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«የንብ መድኃኒት ነው ያልኩት፣ አስተርጓሚውም ያውቃል ይላሉ» አልኩ። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። «እውነታቸውን ነው ክቡር ዳኛ። ፊርማው የእኔ ነው፤ ቃሉ ግን የእርሳቸው አይደለም። ሲገረፉ እዚያው ነበርኩ።»

ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ቅጠሉ ለምርመራ አዲስ አበባ ይላክ፣ መልሱ እስኪመጣ ተከሳሹ በእስር ይቆዩ ብሎ አዘዘ። ስለ ግርፋቱ ምንም አልጠየቀም።

እኔ በማግስቱ ከሥራ ተባረርኩ፤ አሥራ አንድ ቀን ታስሬ ለምን እንደተያዝኩም ለምን እንደተለቀቅኩም ሳይነገረኝ ወጣሁ። የመቱ ሰው ግን በከንቱ አይለቁትም፣ የሆነ ሰው ሸጦ ነው የወጣው አለ። እናቴ ይህን ስትሰማ ከጎረቤቷ ጋር ተጣላች። እኔን ማመኗን የነገረችኝ በዚያ ነው፤ በቃል ብላኝ አታውቅም።

የቅጠሉ መልስ አልመጣም። መላክ አለመላኩን እንኳ ያወቀ የለም፤ እኔም ምን ቅጠል እንደነበረ እስከ ዛሬ በእርግጥ አላውቅም። ሽማግሌው የተፈቱት መቶ አለቃው ተዛውሮ ሌላ ሲተካ፣ በቀጣዩ የቡና ለቀማ ወቅት ነው። ጫካው በቆሮው እጅ ቀረ።

ከዓመት በኋላ፣ አንድ ቡና ነጋዴ መጋዘን ተቀጥሬ ሳለሁ፣ ሁሩሙ ገበያ ላይ አየኋቸው። እግራቸውን ዘርግተው፣ ምርኩዛቸውን ጎናቸው አጋድመው ማር ይሸጣሉ። ጎንበስ ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው። አወቁኝ።

«ደና ነው» አሉኝ በአማርኛ። ከዚያ ቋንቋ የሚያውቁት የገበያ ቃል ያህል ነበር።

ልጃቸውስ እንዴት ናት ብዬ አሁንም በኦሮምኛ ጠየቅሁ። ትንሽ አሰቡና፣ «ደና ናት» አሉ፣ በአማርኛ።

ሌላ ገበያተኛ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ ሲል ወደ እርሱ ዞሩና ስለ ዘንድሮው ማር በኦሮምኛ፣ እንደ ልባቸው ያወጉት ጀመር። እኔም ቦታውን ለቅቄ ሄድኩ።