የሦስቱ ዳገቶች ድምር

የያዙኝ ልደታ ማርያም አጠገብ ከነበረው ቤቴ ነው። ምሳ እየበላን ነበር። የጣሊያን ፈታሾች የፈለጉት ጠመንጃ ነው፤ ያገኙት ግን ደብተር። ከጦርነቱ በፊት የአንድ መንገድ ቀያሽ ረዳት ሆኜ ስሠራ የየቦታውን ከፍታ የጻፍኩበት ነበር። ቁጥሮቹን አይተው የምስጢር ጽሑፍ ነው አሉ።

ያሰሩኝም ከሰፈሬ ሳልርቅ ነው። ባለቤቱ ትቶት በተሰደደው ግቢ ውስጥ የነበረ የእህል መጋዘን ነው፤ መስኮት የለውም። ከግድግዳውና ከጣሪያው መሀል በቀረው ክፍተት ትንሽ ብርሃን ይገባል። ወለሉ የሻገተ ገብስ ይሸታል። አሥራ አራት ነበርን። ከልደታ የቅዳሴው ድምፅ ሲመጣ ሁላችንም ወደዚያው ግድግዳ ዞረን እንቆማለን።

አጠገቤ የሚተኙት ዕድሜያቸውን በሙሉ በሲራራ ንግድ በቅሎ ሲነዱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ለአርበኞች ጥይት ጭነሃል ተብለው ነው የታሰሩት። ጋሼ እላቸው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የእስር ቤቱ አዛዥ፣ ካፒቴኑ፣ አስጠራኝ። ደብተሬ ምን እንደሆነ ገብቶታል። ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘርግቷል። ጣቱን ወንዝ ዳር ካለ የጦር ሰፈር አንስቶ ተራራ ላይ ወዳለ መንደር ወሰደው።

«ሰፈሩ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ነው፤ መንደሩ ሁለት ሺህ አራት መቶ» አለኝ አጠገቡ የቆመው አስተርጓሚ። «ስለዚህ ዳገቱ ሁለት መቶ ሜትር ነው፣ ጦሩ በአንድ ቀን ይወጣዋል። ልክ ነው ወይ ነው የሚልህ።»

አገሩን አላውቀውም አልኩ። እስከ ነገ ቀትር አስብበት ተብዬ ተመለስኩ።

ሽማግሌው መንገዱን ደጋግመው ሄደውበታል። «ሁለት መቶ?» አሉ። «መሀል ላይ ሁለት ገደል አለ እኮ። ትወጣለህ፣ ትወርዳለህ። ደግሞ ትወጣለህ፣ ትወርዳለህ። መንደሩ የሚያደርስህ ሦስተኛው ዳገት ነው።»

ካፒቴኑ ያሰበው መነሻውንና መድረሻውን ብቻ ነበር። ሰው በእግሩ የሚወጣውን ለማወቅ ግን ዳገቶቹን አንድ በአንድ መደመር ያስፈልጋል። መሀል ላይ የወረደው አይቀነስለትም፤ የወረደውን ሁሉ መልሶ ይወጣዋልና። ችግሩ መለኪያው ነው። እዚያ ጨለማ ውስጥ በምን እንለካ?

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እንጦጦን በጭነት ሲወጡ በቅሎዋ ስንት ጊዜ ቆማ ትተነፍሳለች?»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ከእግሩ እስከ ጫፉ አሥር ጊዜ።»

ያንን ዳገት ራሴ ለክቼዋለሁ፤ አራት መቶ ሜትር ነው። ስለዚህ በቅሎዋ አርባ አርባ ሜትር ስትወጣ ነው የምትቆመው።

«ለስለስ ያለው ዳገት ላይስ?»

«ብዙ ከሄደች በኋላ ነው የምትቆመው።»

እንግዲህ የሚያቆማት የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን ከፍታው ነው ብዬ ወሰንኩ። ግምት ነው፤ ሌላ ግን አልነበረኝም። ወለሉ አቧራ ላይ መስመር ሠራሁ። የመጀመሪያው ዳገት ስምንት ጊዜ ያስቆማል አሉ፣ ሁለተኛው አሥራ ሁለት፣ ሦስተኛው አሥር። ሠላሳ ሆነ። በአርባ ስናበዛው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር።

«ካርታው ካለው ስድስት እጥፍ ነው» አልኩ።

ሽማግሌው አቧራው ላይ የሠራሁትን መስመር አዩ። «ይህን ቢያውቅ ምን ያደርጋል?»

«ጭነት ይቀንሳል። ውኃ ይጨምራል። መንገዱን ለሁለት ቀን ይከፍለዋል። ጦሩ ሳይደክም ይደርሳል።»

«እዚያ መንደር የቀረው ሴትና ልጅ ነው» አሉ። «ሁለት መቶ በለው።»

በማግሥቱ ለካፒቴኑ ልክ ነህ አልኩት። ዳቦ አሰጠኝ። ከሽማግሌው ጋር ተካፍለን በላን፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎን ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ በጠዋት በሩ ተከፈተና አስተርጓሚው ስም መጥራት ጀመረ። በቅሎ ስላነሰ ጭነቱን የሚሸከመው እስረኛ ነው አለ። ለአንድ ሰው አርባ ኪሎ ተመድቧል፤ ውኃው የአንድ ቀን ብቻ ነው። ለሁለት መቶ ሜትር ዳገት ይበቃል። ከእኛ ክፍል ስድስት ሰው ተጠራ፤ አንዱ ሽማግሌው ናቸው። ያን ሁሉ ስደምር ማን እንደሚሸከመው አልጠየቅሁም ነበር።

አስተርጓሚውን በሩ ላይ ክንዱን ያዝኩት። «ዋሽቻለሁ። ዳገቱ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነው፤ ንገረው።»

ዞር ብሎ ካፒቴኑን አየ። «ብነግረው አንተን ይረሽንሃል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እነሱ እንደሆኑ መሄዳቸው አይቀርም።»

ሽማግሌው እጄን ከክንዱ ላይ አላቀቁት። «ዝም በል» አሉኝ። «የመንደሩ ሴትና ልጅስ?» ብለው ጋቢያቸውን አጣጥፈው ትከሻቸው ላይ አደረጉ፤ የጥይት ሣጥን ተሸክመው ወጡ።

በስምንተኛው ቀን ከስድስቱ ሁለቱ ተመለሱ። ጦሩ ሁለተኛው ዳገት ላይ ውኃ አልቆበት፣ ዘግይቶ ሲደርስ መንደሩ ባዶ ነበር። ስለ ሽማግሌው ጠየቅሁ።

«ሦስተኛው ዳገት ላይ ተቀመጡ» አለኝ አንደኛው። «ወታደሮቹ የተቀመጠ ሰው ላይ ይተኩሱ ነበር።»

በሳምንቱ ካፒቴኑ ሌላ ካርታ ዘረጋልኝ። እኔን አልጠረጠረም፤ ያማረረው ካርታውን ነው። አዲሱን መንገድ ካሰላህለት ይፈታሃል አለኝ አስተርጓሚው። የሰጠኝን እርሳስ ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩ።

«ያኛው ዳገት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነበር፤ እያወቅሁ ነው የዋሸሁት በለው። ይኼንን ደግሞ አላሰላም።»

«ልንገረው?» አለኝ።

«ንገረው።»

ነገረው። ግራ ጆሮዬ ከዚያ ቀን ወዲህ አይሰማም። ለምን እንዳልገደለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ እዚያው ቆየሁ።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ የከፍታ መለኪያ ተውሼ ያንን መንገድ በእግሬ ሄድኩት። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሜትር ሆነ። መንደሩ አፋፍ ላይ ያገኘኋት አንዲት ሴት ውኃ ሰጠችኝ። ጣሊያን የመጣ ጊዜ እዚሁ ነበራችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ስለዘገዩ አመለጥን» አለችኝ። «እግዜር ነው ያዘገያቸው።»

አሜን ብዬ ጠጣሁ። ሌላ አልተናገርኩም።

ዛሬ በሰፈሬ አርበኛ ይሉኛል። የድል በዓል በመጣ ቁጥር እየጠሩ ያናግሩኛል፤ ካፒቴኑን አላሰላም እንዳልኩት አወራላቸዋለሁ፣ ያጨበጭባሉ። ያ ጭነት በማን ትከሻ እንደወጣ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም ይህን እስክጽፍ ድረስ ለማንም አልነገርኩም።