ኮ ቺን-ሎንግና የዓሣ ገበያው ካርድ

ታይናን በምትባል የደሴት ከተማ ውስጥ ሽማግሌ ሲሞት፣ የሬሳ ሣጥን ሻጩ ገና ጫማውን ሳያስር ኮ ቺን-ሎንግ ለቅሶ ቤቱ ደጃፍ ሞተሩን አቁሞ ይገኛል። ማንም አይጠራውም። በየጠዋቱ የዓሣ ሾርባውን በሩዝ ጠጥቶ ሲያበቃ በአሮጌዎቹ ሰፈሮች ውስጥ ለውስጥ ቀስ እያለ ይነዳና በሮችን ያያል። በሩ ላይ ነጭ የሐዘን ወረቀት ከተለጠፈ ፍሬን ይይዛል። ፊቱን ያጠቁራል፣ ከኪሱ ነጭ ፖስታ አውጥቶ አንድ ሺህ አንድ መቶ የአገሩን ዶላር ይከትበታል፣ ከዚያ ገብቶ ከሟች ልጆች በላይ ያለቅሳል። እንባው ደረቅ ሲልለት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል። "ለመሆኑ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አሮጌ ፖስት ካርድ ምናምን ነበራቸው?"

የሰው አፍ ክፉ ነውና ጥንብ አንሳ ይሉታል። እሱ ራሱን "የደሴቲቱ ትዝታ ጠባቂ" ይላል፤ በስም ካርዱ ላይም በወርቅማ ቀለም አሳትሞታል። ትዝታውን በኪሎ ገዝቶ በፍሬ ይሸጠዋል። ጃፓኖች ደሴቲቱን ይገዙ በነበረበት ዘመን የታተመ ማንኛውም ካርድ፣ ቤተ መቅደስ ይሁን የሙዝ ባቡር ወይም ጃንጥላ የያዘች ሴት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በአሮጌ ዕቃ ገበያው ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ ጠረጴዛው ላይ ይሰለፋል። ደንበኞቹ ነጭ ጓንት አጥልቀው የሚመጡ ጃፓናውያን ጡረተኞችና የካፌያቸውን ግድግዳ ያረጀ ለማስመሰል የሚለፉ ወጣቶች ናቸው። ከሁለቱም ላይ እኩል ይገፍፋል፤ በዚህ አድሎ የለበትም።

ወደዚህ ሥራ የገባው የሚሠራበት የጫማ ፋብሪካ በተዘጋ ጊዜ ነው። የንግዱን ሕግ ያስተማረው አልነበረም፤ እየከሰረ ለመደው። የሚፈልጉትን ካርድ አያዩትም። ከጎኑ ያለውን አንስቶ ማገላበጥ ነው፣ ዋጋ መጠየቅ፣ መከራከር፣ ተናዶ ሊሄዱ እንደሆነ ማስመሰል፣ በመጨረሻም "በል እሺ፣ ይቺን ምርቃት ጨምርልኝ" ብሎ የልብን ማንሳት። ዓይኑ ያበራ ገዢ እጥፍ ይከፍላል። ኮ በዚህ ሕግ እጅግ ከመርካቱ የተነሳ ሚስቱን መይ-ዩንን ያገባትም አንድ ዓመት ሙሉ ለታላቅ እህቷ ፍራፍሬ እያመላለሰ ነው። እህትየው የሠርግ ልብስ እስከ መለካት ደርሳ ነበር። መይ-ዩን ይህን በሳምንት አንድ ጊዜ ታነሳበታለች፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ የተሳካ ንግድ አድርጎ ነው የሚያየው።

እንግዲህ ይህ ብልጥ ሰው የአንፒንግን ወደብ ከሚያሳዩት፣ በአንድነት ከታተሙት ስምንት ካርዶች ሰባቱ ነበሩት። ስምንቱንም የያዘ በከተማው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሰማንያ ስምንት ዓመቱ ጡረተኛ አስተማሪ፣ መምህር ቱ። መምህሩ የሚሸጡት ድርብ የሆነባቸውን ብቻ ነው። ስምንተኛው፣ የዓሣ ገበያው ካርድ፣ ከእሳቸው በቀር ማንም ዘንድ አልተገኘም።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት መምህሩ ካርዶቻቸውን በቤተ መቅደሱ አዳራሽ ለሦስት ቀን አሳዩ። ኮ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የምትሄደውን አሮጊት አክስቱን እየገፋ ሄደ። አሮጊት ስትይዝ ሰው አይገፋህም። የዓሣ ገበያው ካርድ ፊት ሲደርሱ አክስቱ መስታወቱን በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

"አንተ፣ ይቺ እናትህ እኮ ነች።"

"የቷ?"

"ዛጎል የምትፈለቅቀዋ። አሥር ዓመቷ ነበር። እዚህ ጋ ደግሞ የኔ ክርን አለ፤ ፎቶ አንሺው እኔን ቆርጦ እሷን አስገባ። ምን ይደረግ፣ ቆንጆዋ እሷ ነበረች።"

ኮ እናቱ የሞተችበት በስምንት ዓመቱ ነው። የነበራት አንድ ፎቶግራፍ በዚያው ዓመት በአውሎ ነፋስ ጎርፍ ሄደ። ስድሳ ዓመት ያህል ፊቷን ሊያስታውስ ሲሞክር የሚመጣለት የእጇ የዓሣ ሽታ ብቻ ነበር። አሁን ከመስታወቱ ሥር፣ የፖስታ ቴምብር በምታህል ቦታ ላይ፣ አንዲት ልጅ ቢላዋ ይዛ ቀና ብላ እያየችው ነው። በዚያች ሰዓት ከደሴቲቱ ሁሉ የሚፈልገው ነገር ያቺን ወረቀት ብቻ ሆነ።

ማንም ልብ ያለው ሰው ቢሆን እዚያው አጠገቡ ወደቆሙት መምህር ዞር ብሎ "ይቺ እናቴ ነች" ይላቸው ነበር። ኮ ግን ነጋዴ ነው። እናቴ ነች ካለማ ሰውየው ዋጋውን ሰማይ ይሰቅለዋል። በስልኩ ፎቶ ማንሳት እንኳ አልደፈረም፤ "ማንሳት ክልክል ነው" የሚለውን ጽሑፍ አክብሮ ሳይሆን ፍላጎቱ እንዳይታወቅበት ነው። የአክስቱን ወንበር በፍጥነት ወደሚቀጥለው ካርድ ገፋው። የሚቀጥለው ካርድ የስኳር ፋብሪካ ነበር። ኮ ፊቱ ቆሞ ጮክ ብሎ አደነቀው።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በጨረቃ በዓል ሰሞን ኬክ በካርቶን ይዞ መምህሩ ዘንድ ይሄዳል። የካርዶቹ አልበም በመምህሩ እጅ ብቻ ነው የሚገለጠው። ጨዋታው ከዓመት ዓመት ያው ነው።

"መምህር፣ የስኳር ፋብሪካዋ ካርድ አሁንም አለች?"

"አለች። ዘጠኝ የስኳር ፋብሪካ ወስደሃል፣ አልጠገብክም?"

"ጭስ ማውጫ ነፍሴ ነው።"

"እንግዲያ ጭስህን ውሰድ።" መምህሩ ገጹን ገልጠው የዓሣ ገበያው ላይ ቆም ይላሉ። "ይቺስ? ይቺን እንዴት ታያታለህ?"

"እሷ?" ኮ ወደ መስኮቱ ይመለከታል። "ምን አላት፣ ሰው የበዛባት ነች። ሕትመቷም ደብዛዛ ነው።"

መምህሩ ከመነጽራቸው በላይ ትንሽ ያዩትና አልበሙን ይዘጉታል። ኮ አሥረኛውን የስኳር ፋብሪካ በወርቅ ዋጋ ገዝቶ ቤቱ ይገባል።

"የስኳር ፋብሪካ ልትከፍት ነው እንዴ?" ትለዋለች መይ-ዩን። "ሂድና እናቴ ነች በላቸው። ሰውየው አስተማሪ ናቸው፣ አይበሉህም።"

"አንቺ ንግድ አይገባሽም።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።"

"አየሽ፣ እያለዘብኳቸው ነው። ሌላ ሁለት ዓመት ብቻ።"

መምህር ቱ ሁለቱን ዓመት አልጠበቁም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነጩ ወረቀት በእሳቸው በር ላይ ተለጠፈ። ኮ ሞተሩን አቁሞ መውረድ አቅቶት ትንሽ ተቀመጠ። ሽማግሌውን ይወዳቸው እንደነበር ያን ጊዜ ገባው፤ በመገረሙም ተናደደ። ከዚያ እንደ ልማዱ ፖስታውን አውጥቶ ገባ።

እንደዚያኛው ለቅሶ ተግቶ አያውቅም። በየሰባተኛው ቀን ለሚደረገው ጸሎት ሁሉ ከዘመድ ቀድሞ ይደርሳል፣ ወንበር ይደረድራል፣ ሻይ ያዞራል። በሦስተኛው ሳምንት ጸሎት ላይ ደግሞ ሳይጠየቅ ንግግር አደረገ። "መምህራችን እነዚያን ካርዶች ከዓይናቸው ብሌን አብልጠው ይወዱ ነበር" አለ። "ለማያውቅ ባዕድ እጅ ቢወድቁ ነፍሳቸው እንዴት ታርፋለች? ከሚወዳቸው ሰው ጋር መሆን አለባቸው።" ይህን ሲል በሁለት እጁ ደረቱን ይዞ ነበር፤ የሚወዳቸው ሰው የት እንደቆመ እንዳይስቱት። የመምህሩ ልጅ ሊ-ቺዩ፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ጭምት ሴት፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ በአክብሮት አጎቴ እያለች አመሰገነችው። ኮ ነገሩ ያለቀ መስሎት ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገዱን ሙሉ አፏጨ።

በአርባ ዘጠነኛው ቀን፣ በመጨረሻው ጸሎት፣ ቤተሰቡ ለሟች የሚላከውን ዕቃ ሊያቃጥል ተሰበሰበ፤ የተቃጠለው ሁሉ በወዲያኛው ዓለም ይደርሰዋል ይላሉ። የወረቀቱ ቪላ ቤት ከወረቀት ሠራተኛውና ከወረቀት መኪናው ጋር ከቤቱ ጎን ባለው ባዶ ቦታ ላይ በሽቦ ቅርጫት ውስጥ ቆሟል። አልበሞቹ ከመምህሩ ፎቶ ፊት ጠረጴዛ ላይ ናቸው።

"ስለ ካርዶቹ አባዬን ራሱን እንጠይቀው" አለች ሊ-ቺዩ።

"ትክክል ነሽ ልጄ" አለ ኮ። "ሟች አይዋሽም።"

ሊ-ቺዩ ሁለት ሳንቲም በመዳፏ ያዘች። አንዱ ፊት አንዱ ጀርባ ከሆነ ሟቹ እሺ ብሏል፤ ሁለቱም ጀርባ ከሆነ እምቢ፤ ሁለቱም ፊት ከሆነ እየሳቀ ነው።

"አባዬ፣ ካርዶቹን ለሙዚየም እንስጥልህ?" ሳንቲሞቹ ሳህኑ ላይ ወደቁ። ሁለቱም ጀርባ። ኮ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ፤ አንጀቱ ግን ቅቤ ጠጣ።

"ለአጎቴ ኮ እንሽጣቸው?" ሁለቱም ፊት።

"እየሳቀ ነው" አለ ታላቅ ወንድሟ።

"ጥያቄው ግልጽ አልሆነላቸውም ይሆናል" አለ ኮ። "በጥሩ ዋጋ ብለሽ ጠይቂልኝ።"

ጠየቀች። ሁለቱም ፊት።

"አሁንም እየሳቀ ነው" አለ ወንድሟ።

"ወይስ አንተ ጋ ይምጡልህ፣ አባዬ?" አንዱ ፊት፣ አንዱ ጀርባ። ደግማ ጣለች፤ ያው ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ አንዱ ሳንቲም ከሳህኑ ዘሎ የጠረጴዛውን እግር መታ፣ ሲዞር ሲዞር ቆየና መልሱን ሳይለውጥ ተኛ። ኮ "የጠረጴዛ እግር የነካ አይቆጠርም" ብሎ ቢከራከርም ከሦስት መልስ በኋላ ሟችን የሚያስቸግር የለም።

"አጎቴ፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነበር" አለችው ሊ-ቺዩ። "ከሚወዳቸው ሰው ጋር መሆን አለባቸው ብለውናል። እኛማ ልንሸጣቸው ነበር፤ እግዜር ይስጥልን።"

አልበሞቹ ወደ ወረቀቱ ቪላ በረንዳ ገቡና እሳቱ ተለኮሰ። የአንደኛው አልበም ሽፋን በሙቀቱ ተጠቅልሎ ገጾቹን አንድ በአንድ መግለጥ ጀመረ። የስኳር ፋብሪካው ሄደ። ኮ ከዳር ያለውን ብረት አንስቶ ወደ ቅርጫቱ ተንደረደረ። ወንድምየው ክንዱን ያዘው።

"አጎቴ፣ እሳቱ ከተነካካ ዕቃው ተሰባብሮ ነው የሚደርሰው።"

"ልቀቀኝ። እናቴ እዚያ ውስጥ ነች።"

ያበደ መሰላቸው። ብረቱ ከእጁ ወደቀ።

"የዓሣ ገበያው ካርድ ላይ ያለችው ልጅ" አለ። "እናቴ ነች። ሌላ ፎቶ የላትም።"

ሊ-ቺዩ ጠጋ አለችው። "አባዬ ስለ እርስዎ ያወራ ነበር" አለች። "ያ ሰውዬ የዓሣ ገበያውን ስገልጥ ትንፋሹን ይይዛል፤ ምን እንዳለበት አንድ ቀን ይነግረኛል ይል ነበር። በየዓመቱ የሚገልጥልዎት ለዚያ ነው። ቢነግሩት ኖሮ እኮ ዝም ብሎ ይሰጥዎት ነበር፤ ዋጋም አይጠራ።"

ኮ ቺን-ሎንግ ይህን ሰምቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። አሥራ አንድ ዓመት ሽማግሌውን አታልላለሁ ሲል ሽማግሌው ግን እጃቸውን ዘርግተው ኖረዋል። አፈረ፣ አዘነ፣ ከሁሉም በላይ ግን እንደ ስምንት ዓመት ልጅ እናቱ ናፈቀችው።

ሊ-ቺዩ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። "ካርዱስ ተቃጥሏል፤ እሳቱ ግን ገና እየነደደ ነው። አባዬን ልጥራውና ካርዱን ለእናትዎ ይስጣት፤ እዚያ ይፈልጋታል። ስምና አድራሻ ካልተጠራ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ስሟ ማነው?"

"ኦንግ ቦንግ-ቺ።" ወንድ ልጅ ሲጠብቅ ሴት የተወለደችለት አባት ያወጣው ስም ነው፤ "ከመጣች እንግዲህ ትደግ" እንደማለት። ኮ ተማሪ ቤት የእናቱን ስም ሲጠየቅ በእፍረት ሌላ ስም ይናገር ነበር።

"አድራሻዋስ?"

"አንፒንግ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ። ከውኃ ጉድጓዱ ቀጥሎ ሦስተኛው በር።"

ሊ-ቺዩ ወደ እሳቱ ዞራ ስሙንም አድራሻውንም ሦስት ጊዜ ጮክ ብላ ተናገረች። ከዚያ ዞር አለች።

"ልጇ ቺን-ሎንግ ምን ብሏል ልበላት?"

ኮ አመድ ወደሆነው ገጽ ጠጋ አለ። "ፊቷን በልቤ ልይዘው አልቻልኩም በይልኝ" አለ። "እዚያ ስመጣ እኔ ስለማላውቃት፣ እሷ ቀድማ ትጥራኝ።"