ደመራ የገባችው ጽጌረዳ

ባለፈው እሁድ ልጄ ኤደን ከአየር ጤና መቀስ ገዝታ መጣች። የልብስ መቀስ እንዳይመስላችሁ፤ አፉ እንደ በቀቀን የተቆለመመ የአትክልት መቀስ ነው። ሰሞኑን ስልኳ ላይ ስለ አበባ አከረካከም ስታይ ነው የሰነበተችው።

«እማዬ፣ ይቺ ጽጌረዳ እኮ እንጨት ብቻ ሆነች፤ ልከርክማት?»

«እጅሽን ሰብስቢ!» ብዬ ጮህኩባት። ጎረቤትም ሳይሰማ አልቀረም። አማቴ እማማ ወርቄ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ ከዚያ ወዲህ በር ላይ ያለችውን የእሳቸውን ጽጌረዳ ማንም እንዲነካት አልፈቅድም። ኤደን ኩርፍ ብላ ገባች። እኔ መቀሱን ይዤ በረንዳ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣብኝ። ይህ ጩኸት ከሠላሳ ዓመት በፊት እዚሁ ግቢ ውስጥ ለእኔ የሚገባኝ ነበር።

ያኔ ከሳንሱሲ ኮልፌ የገባሁ የሃያ ዓመት ሙሽራ ነበርኩ። የባሌ የሽመልስ ቤተሰቦች ጉራጌዎች ናቸው፤ ነጋዴዎች። መስቀል ሲደርስ የሰፈሩ ግማሽ አገር ቤት ይገባል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። እኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ስለነበርኩ እማማ «ያ መንገድ ለጤነኛም አይሆን» ብለው ለጎረቤታችን ለእትዬ ከድጃ አደራ ሰጡኝና ከሽመልስ ጋር ሄዱ።

ብቻዬን ምን ልሥራ? ቤቱን አጠብኩ፣ ግቢውን አረምኩ። ሲመለሱ «ጎሽ፣ ባለሙያ!» እንዲሉኝ ፈልጌ ነው፤ ምን ይደበቃል። ከዚያ ዓይኔ ጽጌረዳዋ ላይ አረፈ። ከጣሪያው አልፋ፣ እርስ በርሷ ተቆላልፋ፣ ጫፏ ላይ ሁለት ምስኪን አበባ ይዛ ቆማለች። አባቴ ጦር ኃይሎች አካባቢ የአንድ ትልቅ ግቢ አትክልተኛ ስለነበር፣ ሙያውን እያየሁ ነው ያደግኩት። «ደረቁን አውጪ፤ የሚፋተገውን ቀንሺ፤ ወደ ውጭ ከሚያይ የቡቃያ ዓይን በላይ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ሰያፍ አድርገሽ ቁረጪ» ይለኝ ነበር። «ለጽጌረዳ ከራራሽላት አበባዋን ትነፍግሻለች» የሚለውም ነገር ነበረው።

እኔማ አልራራሁላትም። ጉልበቴ ድረስ አወረድኳት! የደመራ ዕለት ነበርና የሰፈር ልጆች እንጨት ሲለምኑ መጡ፤ የቆረጥኩትን ሁሉ አስሬ ሸለምኳቸው። ማታ ደመራው ሲቀጣጠል እርጥቡ ግንድ ሲንጣጣ ከበር ላይ ሆኜ በኩራት ሰማሁ።

በማግስቱ እትዬ ከድጃ ሳምቡሳ ይዛልኝ መጣች። ጉቶውን ስታይ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ጭንቅላቷን ያዘች።

«ያ አላህ! ምን ሠራሽ ልጄ? የተከሏት እኮ የባልሽ አባት ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና! ከሞቱ ወዲህ ወርቄ ቅጠሏን እንኳ አስነክታ አታውቅም።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለካ ሁሉም የሚያውቀውን ለእኔ የነገረኝ የለም።

እማማ በሳምንቱ ቆጮና ቅቤያቸውን ይዘው ደረሱ። በሩን እንዳለፉ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ቅርንጫፉስ?»

«ደመራ ገባ፣ እማማ።»

«ለመትከያ አንዲት ዘንግ እንኳ አላስቀረሽልኝም?»

«አላስቀረሁም። አላወቅኩም፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«እጁ የነካው እንጨት ነበር» አሉና ገቡ። ቢጮሁብኝ በተሻለኝ! ክትፎዬን በእጃቸው ሠርተው አበሉኝ፤ ከ«ብዪ» በስተቀር ግን ቃል አልወጣቸውም። ሽመልስ በሹክሹክታ «ትበቅላለች አይደል?» ሲለኝ «በደንብ!» አልኩት። በሆዴ ግን ሌላ አስባለሁ። ይቺ አበባ ከደረቀች፣ የእማማን ባል ሁለተኛ የቀበርኩባቸው እኔ ነኝ።

ሁለት ሳምንት ምንም የለም። ደረቅ ጉቶ። ከዚያ አንድ የጥቅምት ጠዋት፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው ጉቶዋ ሥር ቁጢጥ ብለው አገኘኋቸው።

«ነይ እስቲ፣ ይኼ ምንድን ነው? ወይስ ዓይኔ ነው?»

ተንበርክኬ አየሁ። ከዚያ ከሞተ ግንድ ላይ፣ የሕፃን ጥርስ ድድ ቀዶ እንደሚወጣ፣ ቀይ ነገር ብቅ ብሏል። አንድ አይደለም፤ በየዓይኑ ነው! የአትክልተኛ ልጅ ሆኜ፣ እንደሚሆን እያወቅኩ፣ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ኅዳር ላይ ኤደንን ወልጄ ከሐኪም ቤት ስመለስ በራችንን አላወቅኩትም። ከታች እስከ ላይ አበባ፣ ቅጠሉ እስኪጠፋ አበባ! ቆጥሬ አልዘልቀው ብዬ ተውኩት። ሽታው ከመንገድ ይቀበላል፤ አላፊ አግዳሚው በር ላይ እየቆመ «እግዚኦ» ይላል። እማማ አራስ ልጄን ታቅፈው አበባው አጠገብ ቆሙና፣

«ለካ እሱ የተከለልኝ ሥሩን ነው» አሉኝ። «እኔ ሞኟ እንጨቱን ስጠብቅ ኖርኩ።»

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ «አምጪ መቀሱን» የሚሉኝ እሳቸው ሆኑ። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሳቸው ይይዙልኛል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ሁለት ዓመት እንጨት ስጠብቅ የከረምኩት። ሰው መቼም አይማርም። ተነስቼ «ኤደን፣ ነይ፣ ከየት እንደሚቆረጥ ላሳይሽ» አልኳት። የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ፣ እማማ ይይዙት የነበረውን፣ ያዝኩላት። ቆረጠችው።

የሰፈር ልጆች የደመራ እንጨት እየለመኑ በሩን ሲያንኳኩ ቅርንጫፉ ግቢውን ሞልቶት ነበር።

«እማዬ፣ ልስጣቸው?»

«ለመትከያ ሁለት ዘንግ አስቀሪ» አልኳት፤ «ሌላውን ይውሰዱት።»