የጽጌ ልብና የአይሻ ዳጉ

የቤቴ ልጆች ካላወራሽልን ብለው ያዙኝ። ነገሩ የመጣው እዚህ ሰመራ ካለችው ጎረቤቴ ነው። ልጇ ልቡን ኦፕራሲዮን ተደርጎ ከዳነ ወዲህ ሐኪሞቹ በየጊዜው ይምጣ ይላሉ፤ እሷ ደግሞ «ተሰፍቶ አልቆ ምን ቀራቸው?» ትላለች። «ጽጌም እንዲሁ ትል ነበር» የሚል ቃል ልጆቹ ፊት አመለጠኝ።

ጥጡ በደራበት ዘመን አዋሽ ከተማ አክስቴ ምግብ ቤት እሠራ ነበር። ጥቅምት ላይ ጥጥ ለቃሚ የጫኑ መኪኖች ሲያልፉ አቧራው ሩዛችን ላይ ሳይቀር ያርፋል። እኛም ቅመም ነው ብለን እንበላዋለን፤ ምን ይደረጋል። ጓደኛዬ ጽጌ የጥጥ እርሻው ጸሐፊ ልጅ ናት። ልቧ ቀዳዳ ኖሮት በልጅነቷ ውጭ አገር ወስደው ሰፍተውላታል። ታች እርሻው ጥጥ ለሚጭን ተሾመ ለሚባል ሾፌር ታጭታለች።

አንድ ረፋድ አብራኝ ምስር ስትለቅም ድንገት ራሷን ስታ ተዘረጋች። የግመል ወተት የምታመጣልን አፋሯ አይሻ ጆሮዋን ጽጌ ደረት ላይ ለጠፈች። «የደነበረ ፍየል» አለች።

ጽጌ ስትነቃ፣ ልቧ እንዲህ መሮጥ ከጀመረ መሰንበቱን ነገረችን። ሐኪም ቤት ብንላት «ተሰፍቶ አልቋል፤ ሙቀቱ ነው» አለች። የፈራችው ሌላ ነው፤ የተሾመ ወገን ከሰማ ሰርጉ ይቀራል።

«አይሹ፣ በእናትሽ፣ ለማንም እንዳትናገሪ።»

«እኛ ዘንድ ዳጉ ለጠየቀ አይደበቅም» አለችና ወተቷን አንስታ ወጣች።

አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውን የሰማውን ሁሉ ይለዋወጣል፤ ዳጉ ማለት ይኸው ነው። መደበቅ ነውር ነው። ጽጌ ቀኑን ስታለቅስ ዋለች።

ብዙም ሳይቆይ ተሾመ ጥጡን እንደ ጫነ መጥቶ በር ላይ ቆመ። እጮኝነቱን ሊያፈርስ ነው ብለን ደነገጥን።

«ነይ ውጪ፣ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው» አላት።

«ሰርጉስ?»

«ለሞተች ሰው ነው እንዴ የምደግሰው? ውጪ።»

ሐኪሞቹ ስፌቱ ደህና ነው አሉ። ግን የተሰፋ ልብ ጠባሳው ከዓመታት በኋላም ምቱን ሊያዛባው ይችላል፤ ክትትሉ አይቋረጥ አሏት። ኪኒኗን እየዋጠች፣ እየተመላለሰች ኖረች፤ ተሾመን አግብታ ወለደችም፣ አልሐምዱሊላህ። ለጎረቤቴም ይህንኑ ነገርኳት። ልጇን ትወስደው ይሆናል።

ያኔ ወሬውን አገር ምድሩ ሰምቶታል ብዬ ኖሬያለሁ። አርጅተን ሚሌ ላይ ስንገናኝ ነው አይሻ የነገረችኝ። ያን ቀን እርሻው ድረስ በእግሯ ወርዳለች። በመንገድ ያገኛት ሁሉ ዳጉ ሲጠይቃት ስለ ሣሩና ስለ ዝናቡ ብቻ እያወራች አለፈች። የጽጌን ልብ የነገረችው ለተሾመ ብቻ ነው።